የናፍታሊን ሽታ

እናታችን ካረፈች በኋላ ሣጥኗን የከፈትነው እኔና ታላቅ እህቴ ነን። ክዳኑ ሲነሳ ከነጠላውም ከጋቢውም ቀድሞ የወጣው ሽታው ነበር፤ ብል እንዳይበላባት በብጣሽ ጨርቅ እየቋጠረች በየጥጉ የወሸቀችው ናፍታሊን። እህቴ "እማዬን እማዬን ሸተተኝ" ብላ ሣጥኑ ላይ ተደፋች። እኔን ግን ሽታው ሁለት ቦታ ይዞኝ ሄደ። አንዱ ጉለሌ ያደግንበት ቤት ጓዳ ነው። ሌላው ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ወጣትነቴን ያሳለፍኩበት የሙቀት ሽግግር ላቦራቶሪ።

እዚያ ናፍታሊን የልብስ ጠባቂ አይደለም። እናቀልጠዋለን። በ80 ዲግሪ ግድም ይቀልጥና እንደ ውሃ ይጠራል፤ ያኔ በደንብ በተወለወለ የብረት ቅርጽ ውስጥ እናፈሰዋለን። ሲረጋ ነጭና ልሙጥ ይሆናል። ቅርጹን በጎኑ በመዶሻ ቀስ ብለን መታ ስናደርገው ይላቀቃል፤ ገጹ ላይ አንዲት ጭረት ከተገኘች እንደገና ይቀልጣል፣ እንደገና ይፈሳል። በጣት መንካት ክልክል ነው። ከዚያ ዊንድ ተነል በምንለው የነፋስ መተላለፊያ ውስጥ አስገብተን ነፋሱን እንለቅበታለን።

ናፍታሊን ፈሳሽ ሳይሆን በቀጥታ ወደ አየር የሚተን ነገር ነው። ነፋሱ ሙቀትን አብዝቶ በሚያስተላልፍበት ቦታ ናፍታሊኑንም አብዝቶ ይበላዋል፤ ሁለቱ የሚገዙት በአንድ ዓይነት ሕግ ነው። ስለዚህ ከሙከራው በፊትና በኋላ ገጹን በቀጭን የመለኪያ መርፌ ነጥብ በነጥብ ዳስሰን የጎደለውን ስናሰላ፣ በእውነተኛው የጄት ሞተር ውስጥ ሙቀቱ ብረቱን የት ቦታ አጥብቆ እንደሚመታው እናውቃለን። እሳትን ያለ እሳት ማጥናት የቻልነው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ የረቀቁ መሣሪያዎች አይቻለሁ፤ የዚህን ያህል የሚያምር ግን አላየሁም።

ማማሩ ትዕግሥትን አይተካም። የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ከፍ ካለ የናፍታሊኑ ትነት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሙከራ ላይ ሳለን በር አይከፈትም፣ ሰው አይገባም አይወጣም፣ መብራት እንኳ በከንቱ አይበራም። ሌሊት መሥራት የምንመርጠው ለዚህ ነበር። ሕንጻው ከሰው ሲጸዳ ሙቀቱ ይረጋል። ውጭ የጥር ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወርዶ መስኮቱን በበረዶ ደፍኖታል፤ ውስጥ የማራገቢያው እምምታ፣ የመርፌው ጠቅ ጠቅ፣ የቴርሞሜትሩ ቁጥር። ሲነጋ የወንዙን ድልድይ በእግሬ ተሻግሬ ወደ ሴዳር ሪቨርሳይድ እመለሳለሁ። ግንባሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ፣ ቢጫም ሰሌዳ ከተለጠፈበት ረጅም ፎቅ ውስጥ ከሌሎች ሐበሾች ጋር ቤት ተጋርቼ ነበር የምኖረው። ልጆቹ ገና በሩን ሳልፍ ከሽታው ያውቁኛል። ካፖርቴ፣ ሹራቤ፣ መጽሐፌ ሁሉ ናፍታሊን ነው።

ያኔ አዲስ አበባ ስልክ መደወል ውድ ስለነበር ከእናቴ ጋር የምንነጋገረው በካሴት ነበር። እሷ ድምፅዋን ቀድታ በመንገደኛ ትልካለች፤ እኔም እንዲሁ። አንድ ጊዜ የምሠራውን ሥራ ከነናፍታሊኑ በዝርዝር ነገርኳት። መልሷ ከወራት በኋላ ደረሰ። ስለ ሞተሩ አንድም ነገር አላነሳችም። "ልጄ፣ እሱ ነገር ለትንፋሽ አይበጅም፤ ሣጥኑን ስከፍት እንኳ መስኮት እከፍታለሁ። አንተም መስኮት ክፈት እሺ?" ነበር ያለችኝ። የናፍታሊን ትነት ጎጂ እንደሆነ የላቦራቶሪው ደንብም ይናገራል፤ የምናቀልጠውም አየር ማስወጫ ባለው ሳጥን ውስጥ ብቻ ነበር። እሷ ያንን ከማንም ሳትማር አውቃዋለች። ካሴቱ አሁንም አለ፤ የማጫወቻው ጎማ ግን ስለላላ ድምፅዋን ያጓትተዋል።

የምንለፋበት ነገር ምን እንደሆነ ለመንገር ወደ ሞተሩ ሆድ መግባት ያስፈልጋል። የጄት ሞተር ከፊቱ አየር ይስባል፣ በኮምፕረሰር ያምቀዋል፣ ነዳጅ ጨምሮ ያቃጥለዋል፤ የጋለው ጋዝ ሲወጣ ተርባይኑን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ደግሞ ኮምፕረሰሩን። ጋዙ በጋለና በታመቀ መጠን ሞተሩ የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። እንግሊዛዊው ፍራንክ ዊትል እ.ኤ.አ. በ1937 ሞተሩን ባስነሳበት ዘመን ተርባይኖች የሚችሉት ጋዝ ከ800 ዲግሪ ሴልሺየስ ብዙም አያልፍም ነበር። ዛሬ በትልልቆቹ ሞተሮች ከ1,600 ይበልጣል። ብሌድ የሚባለው የተርባይኑ ክንፍ የሚሠራበት የኒኬል ቅይጥ ደግሞ በ1,300 ግድም መቅለጥ ይጀምራል። እንግዲህ ያች መዳፍ የማትሞላ ብረት ሊያቀልጣት በሚችል ጋዝ ውስጥ በደቂቃ 10 ሺህ ዙር ያህል እየተሽከረከረች ሺህ ሰዓቶችን ታሳልፋለች።

የሚያቆያት አየር ነው። ኮምፕረሰሩ ካመቀው አየር አንድ አምስተኛ የሚሆነው ሳይቃጠል ተጠልፎ ወደ ብሌዱ ሆድ ይላካል። ይህ ማቀዝቀዣ አየር ራሱ ከ600 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ቀዝቃዛ የሚያሰኘው ጎረቤቱ ነው። ብሌዱ ውስጥ በተጠማዘዘ መንገድ ሲዞር ቆይቶ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባላቸው ቀዳዳዎች ወደ ገጹ ይወጣና በላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋል። መሐንዲሶች ፊልም ኩሊንግ ይሉታል። የእኔ የሙያ ዕድሜ ያለቀው በእነዚህ ቀዳዳዎች ዙሪያ ነው።

ለጀማሪ ተማሪ የሚከብደው፣ አየር ማብዛት ሁልጊዜ ማቀዝቀዝ አለመሆኑ ነው። በልኩ ሲለቀቅ ሽፋኑ ብረቱን ተጠግቶ ይፈሳል። ሲበዛ ግን ከቀዳዳው የሚወጣው አየር ጉልበት ስለሚያገኝ ከገጹ ተነጥሎ ይነሳል፣ የጋለውም ጋዝ በሥሩ ይገባል። ጋቢ የለበሰ ሰው ነፋስ ሲነሳ ጫፉን ካልያዘ ጋቢው እንደሚነፋና ብርዱ በሥሩ እንደሚገባ ያለ ነው። ብዙ አየር ሰጥተህ ብረቱ የባሰ ይግላል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ ያመንኩት ግን መርፌው ከቀዳዳው በስተኋላ የጎደለውን ናፍታሊን ሲያሳየኝ ነው።

ይህ ዕውቀት በሚኒሶታው ላቦራቶሪ የቆየ ነበር። ላቦራቶሪውን የመሠረቱት ኤርንስት ኤከርት እ.ኤ.አ. በ1904 ፕራግ የተወለዱ ሰው ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀርመን ብራውንሽቫይግ የአውሮፕላን ሞተር ምርምር ላይ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አሜሪካ ከተወሰዱት የጀርመን ባለሙያዎች አንዱ ሆነው ሄዱ፤ በ1951 ሚኒሶታ ገቡ። ሪቻርድ ጎልድስታይን ደግሞ እዚያው ዶክትሬታቸውን ሠርተው እዚያው ያስተማሩ ናቸው። ሁለቱ ከፍሬድ ቡርግራፍ ጋር በ1974 ያሳተሙት ጥናት የቀዳዳውን አፍ ወደ ጎን ከፈት ማድረግ አየሩን አዝግሞና ተዘርግቶ እንዲወጣ፣ ከገጹም እንዳይነጠል እንደሚያደርገው አሳየ። ዛሬ በየሞተሩ ያሉት አፈ ሰፊ ቀዳዳዎች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው። እኔ ስደርስ ኤከርት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ መጽሐፋቸውን ግን ሁላችንም በየቦርሳችን ይዘነው እንዞር ነበር። በ2004 መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው አረፉ።

ሣጥኑን በከፈትንበት ሰሞን ጠዋት ጠዋት ከቦሌ የሚነሱትን አውሮፕላኖች ቆሜ አዳምጥ ነበር። የልጅነቴም ድምፅ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ቦይንግ 720ዎቹን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ የልደታው ሜዳ ስለማይበቃቸው ቦሌ ተሠራላቸው። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ እስኪሰወሩ ያያቸው ነበር። እኔ ዛሬ ሳዳምጥ የምሰማው ሌላ ነገር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉም ሞተሩም የሚይዙት አየር ያንሳቸዋል፣ መንደርደሪያው ይረዝማል፣ ጭነቱ ይቀንሳል። ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ወገኖች መሃል መንገድ ላይ ቆማችሁ ነዳጅ ሲሞላ የምትጠብቁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ሲጠየቅ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጨነቁት እነዚያ ብሌዶች ናቸው። የብሌዱን ብረት ሙቀት በ30 ዲግሪ ብቻ ስተህ ብትገምት ዕድሜው በግማሽ ሊያጥር ይችላል። ከ1,600 ዲግሪ ጎን 30 ዲግሪ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ለምን ሌሊት በር ዘግተን እንቀመጥ እንደነበር ይገባዋል።

አባቴ ይህን ሳልነግረው ሞተ። ልነግረው እችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አምስት ኪሎ ምህንድስና ስገባ ጫማ ያስገዛልኝ እሱ ነው፣ አውሮፕላን የሚወድ ሰው ነበር። ያኔ ግን ሥራዬን በአማርኛ ለማስረዳት አልበቃሁም ነበር። የተማርኩት ሁሉ በሌላ ቋንቋ ተቆልፎብኝ ነበር፤ ለመክፈት ዓመታት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ዶክትሬት፣ ማስተማር፣ የምርምር ገንዘብ ፍለጋ፣ ስብሰባ፣ የተማሪ ፈተና ማረም። በየቦታው ዊንድ ተነል ሠራሁ፤ ቀዳዳውን መቶ እጥፍ ባይሆንም ሃያ ሠላሳ እጥፍ አሳድገን፣ ፍጥነቱን ከመጠኑ ጋር አመጣጥነን፣ ክፍል ውስጥ ባለ ተራ አየር የሞተርን ሆድ እንመረምራለን። ማቀዝቀዣው አየር በእውነተኛው ሞተር ከጋዙ እጥፍ ያህል ስለሚከብድ፣ ያንን ለመምሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለቅበት ጊዜም አለ። ኦክስፎርድ ሄጄ ኦዝኒ በሚባለው የድሮ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሕንጻ ያየሁት አሠራር ደግሞ ከእኛ ፍጹም የተለየ ነበር። የእነርሱ አንዱ ተነል ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ጋዝ ለቅቆ ይዘጋል፤ በዚያች ቅጽበት ሁሉንም ይለካሉ። ከሙቀት ጋር ቀለሙን የሚቀይር ሊኩዊድ ክሪስታል ቀብተው፣ ገጹ ከቀይ ወደ አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ሲሸጋገር በካሜራ ይይዙታል። እኛ ሌሊቱን ሙሉ የምንጠብቀውን እነርሱ በዓይን ጥቅሻ ያገኙታል። ቀናሁባቸው። ሆኖም የእነርሱም ትጋት ከቅጽበቷ በፊት ያሉት ወራት ላይ ነበር።

አሁን ቀለሙ የሚመጣው በስክሪን ነው። ተማሪዎቼ ብሌዱን በኮምፒውተር ይሥላሉ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍልፋዮች ይከፋፍሉታል፣ ማሽኑ ያሰላል፣ ጠዋት ሲመጡ ቀይና ሰማያዊው ተዘርግቶ ይጠብቃቸዋል። ምንም አይሸትም። ልብስ አይነካም። እኔ ይህን ሥራ አልንቀውም፤ በመርፌ ፈጽሞ የማይደረስበት የብሌዱ ጠባብ ጓዳ ውስጥ የሚሆነውን የሚያሳየን እሱ ነው። ነገር ግን ፋብሪካ ሁሉ በየቀኑ የሚጠቀምበት የተለመደው የስሌት ዘዴ የአየሩን መቀላቀል በየአቅጣጫው እኩል አድርጎ ስለሚወስድ፣ ከቀዳዳ የሚወጣው አየር ወደ ጎን የሚዘረጋውን ያሳንሰዋል። ሽፋኑ ከእውነቱ የጠበበ ሆኖ ይታያል። ረቂቁ ዘዴ ይህን ያሻሽለዋል፤ የሚበላው የኮምፒውተር ጊዜ ግን ብዙ ነው። ታዲያ የትኛው ስሌት እውነት እንደተናገረ የምናውቀው በምንድን ነው? በእነዚያ የክረምት ሌሊቶች በተለኩ ቁጥሮች ነው። ከእኔ በፊት ጃፓኖቹ፣ ጀርመኖቹ፣ ኮሪያውያኑ፣ እንግሊዞቹ የለኳቸው ቁጥሮች አሁንም የስሌት ሁሉ ዳኞች ናቸው። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ክፍል ውስጥ እላለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ በእጁ ለክቶ የማያውቅ ተማሪ የምርምር ወረቀቱን እንዲጨርስ አልፈቅድም። ጥብቅ ነህ ይሉኛል። አዎ፣ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነኝ።

ጠረጴዛዬ ላይ ዕድሜዋ አልቆ የተጣለች አንዲት ብሌድ አለች። ጥግዋ ተበልቷል፣ የሴራሚክ ሽፋኗ እዚህም እዚያም ተላልጧል። ወደ መስኮት ከፍ አድርጌ ስይዛት አንዳንዱ ቀዳዳ ብርሃን ያሳልፋል፣ አንዳንዱ ተደፍኗል። ስንት መንገደኛ ወስዳ ስንቱን መልሳለች እላለሁ። ለቅሶ የሚሄድ፣ ሠርግ የሚሄድ፣ ቤይሩት ለሥራ የምትሄድ ልጅ፣ ከአገር ወጥቶ 20 ዓመት የቆየ ሰው። ማንም አያውቃትም። የኔም የሙያ ዕድሜ ተደምሮ ሲታይ፣ በየቀዳዳዋ ዙሪያ ያለችውን የሚሊሜትር ስፋት ማወቅ ነው። አነሰ ብዬ አላውቅም።

የደፈናት ነገር ነው አሁን የሚያሳስበኝ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1982 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ኢንዶኔዢያ ላይ ከጋሉንጉንግ እሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ ገብቶ አራቱም ሞተሮች ጠፉ። አመዱ በማቃጠያው ክፍል ቀልጦ ተርባይኑ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሞተሮቹ ጠፍተው ሲቀዘቅዙ የተለጠፈው ደርቆ ተሰባበረና እንደገና ተነሱ። በ2010 የአይስላንዱ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት ዘጋ። የዓረብ ባሕረ ሰላጤው አሸዋና አቧራ ደግሞ እንዲህ በአንድ ቀን ሳይሆን በየዕለቱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ትናንሾቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ የሴራሚኩን ሽፋን ሰርስሮ ያላልጣል። በኅዳር 2025 አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን አልፎ ሕንድ ሲደርስ፣ በረራዎች ሲሰረዙ፣ እኔ የማስበው ስለ ቀዳዳዎቹ ነበር።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልጅ ጻፈችልኝ። ወላጆቿ ከደሴ የሄዱ ናቸው፣ የተወለደችው ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ነው፤ እዚያው ሆና ስለ አቧራና ስለ ብሌድ ቀዳዳ ዶክትሬቷን ትሠራለች። "ጋሼ፣ የድሮው የናፍታሊን ሰንጠረዥ እጅዎ ላይ ካለ ቢልኩልኝ፤ የታተመው ሥዕል ብቻ ነው፣ ቁጥሩን ላገኘው አልቻልኩም" ትላለች። ቁጥሩ በእጅ ተጽፎ በቆየ ደብተር ውስጥ ነበር። ገጹን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። ሣጥን ውስጥ ካለው ነጠላ በቀር ያ ሽታ እስከ ዛሬ የቀረበት ነገር ቢኖር ያ ደብተር ነው።

አሁን እየተከራከርን ነው። በእኛ ልኬት ከቀዳዳው ግራና ቀኝ፣ ከጠርዙ አጠገብ፣ ናፍታሊኑ እጅግ የተበላባት ጠባብ ቦታ አለች፤ በእሷ ስሌት ያች ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሽታለች። አቧራው መጀመሪያ የት እንደሚለጠፍ ለማወቅ ያች ልዩነት ቀላል አይደለችም። እኔ መርፌያችን በጠርዙ አካባቢ እንዴት እንደተንቀሳቀሰ፣ በምን ርቀት እንደለካን ከደብተሩ እያወጣሁ እጽፍላታለሁ። እሷ ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ያሉትን የስሌት ክፍልፋዮች አሳንሳ ከመጀመሪያው እያስኬደችው ነው።